የእንቁ ዓርብና የሙሴ ኤቲየን ሳጥን

እንቁ ጅቡቲ ከገባች ጀምሮ ብዙ ቤት ተቀጥራ ሠርታለች፤ እንደ ሙሴ ኤቲየን ቤት ያንገበገባት ግን የለም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ክፉ ቢሆን ጥላው ትሄድ ነበር፤ ጋቦዴ ሰፈር ውስጥ ሠራተኛ የሚፈልግ ሞልቷል። አይሳደብም፣ ምግብ አይመርጥም፣ ሲታመሙበት ሐኪም ቤት ይወስዳል። ችግሩ አንድ ነበር፤ ዕቃውን የት እንዳስቀመጠ አያውቅም። ያጣውን ዕቃ ሁሉ ደግሞ «እንቁ፣ የት አደረግሽው?» ይላል። ዕቃው ሲገኝም «አገኘሁት» አይልም። አንድ ቀን መነጽሩን ቤቱን ሙሉ ስትፈልግለት ቆይታ ግንባሩ ላይ ብታሳየው፣ «እዚህ ማን አስቀመጠው?» ብሎ ነበር።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስድስት ግድም ነው። ሙሴ ኤቲየን ፈረንሳዊ የወደብ መሐንዲስ ነበር፤ እነዚያን ትልልቅ ዕቃ ማንሻ ክሬኖች የሚያስጠግን። እንቁ ይህን ባሰበች ቁጥር ትገረማለች። ሚስቱ ማዳም ኮሌት የጅቡቲን ሙቀት አንድ ዓመት ቀምሳ ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ የምትመጣው ለገና ብቻ ነው። ስለዚህ ጩኸቱን የምትችለው እንቁ ብቻዋን ነበረች።

ዓርብ ሥራ የለም። ሌላው ፈረንጅ ዓርብ ዓርብ ጀልባ ይዞ ባሕር ይገባል። ሙሴ ኤቲየን ግን ፔካ 12 ከሚባለው የከተማ ዳርቻ ወዲያ፣ ከከባድ መኪናዎቹ መንገድ ተገንጥሎ፣ ድንጋያማው ሜዳ ላይ ባለው የዒላማ ቦታ ከጓደኞቹ ጋር ይተኩሳል። ጠመንጃው ደግሞ እንደ ሰው ጠመንጃ አይደለም። የድሮ ነው፤ በአፈሙዙ ነው የሚጎርሰው። መጀመሪያ ባሩድ ተሰፍሮ ይፈስበታል። ከዚያ በጮማ የታሸ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ድቡልቡል እርሳስ፤ ይህ በረጅም ዘንግ እስከ ታች ይጠቀጠቃል። በመጨረሻ ከበስተኋላ ባለችው ጡት መሳይ ባለ ቀዳዳ ጉጥ ላይ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋል። ሙሴ ቆቧን «አሞርስ» ይላታል፤ መዶሻው ሲመታት እሳት የምትሰጠው እሷ ናት። ይህ ሁሉ ለአንድ ተኩስ ነው።

መጀመሪያ ሲያስረዳት እንቁ፣ «እስኪጎርስ ድረስ ጠላት ምሳውን በልቶ አይሄድም?» ብላ ጠየቀችው።

ሙሴ ሳቀ። «ጠላት የለም፤ ወረቀት ነው የምንመታው» አላት።

ለዚህ ወረቀት ሲባል ነው እንግዲህ የእንቁ ዓርብ የሚበላው። ሳምንቱን እዚያው ቤት ነው የምታድረው፤ በውላቸው ግን ዓርብ የእሷም ዕረፍት ነበር። ከተማው ዳር ባልባላ ሰፈር ከጓደኛዋ ከነጃት ጋር አንዲት የጣውላና የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተዋል። ነጃት የሐረር ልጅ ናት፤ ገበያው አጠገብ በአጎቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ትሸጣለች። ክፍሏ እሳት ናት፣ ውኃ በጀሪካን ነው፣ የጎረቤት ፍየል ጣሪያ ላይ ይወጣል። እንቁ ግን ሳምንቱን ሙሉ የምታስበው እሷን ነው። እዚያ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ጋደም ትላለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «እንቁ!» ብሎ የሚጣራ የለም። ነጃት እንኳ ጠባይዋን ስለምታውቅ ትከሻዋን ነካ ታደርጋታለች እንጂ በስሟ አትጠራትም።

ዓርብ ጠዋት ግን ነጠላዋን ደርባ በሩ ጋ ስትደርስ ይጀመራል።

«እንቁ! ቀንዱ የት አለ?»

ቀንዱ ባሩድ የሚይዝበት የበሬ ቀንድ ነው።

«ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አይቼው ነበር፣ ሙሴ።»

«የለም። የት አደረግሽው?»

«እኔ አልነካሁትም።»

«ካልነካሽው የት ይሄዳል? እግር የለው!»

ቀንዱ ከመታጠቢያ ቤት ይገኛል። ቀንዱ ሲገኝ መስፈሪያው ይጠፋል፤ መስፈሪያው ሲገኝ አሞርሷ። ሁሉም ተገኘ ተብሎ መኪናው ከግቢ ይወጣና፣ እንቁ መንገድ ጀምራ ሳለ ዞሮ ይመጣል፤ መጠቅጠቂያው ዘንግ ከመጋረጃው ጀርባ ቀርቷል። እንቁ ባልባላ የምትደርሰው ሰዉ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ነው፤ ፀሐዩ አናት ላይ፣ ሚኒባሱ እንደ ምጣድ ግሎ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋ?» ትላታለች ነጃት።

«እኔ» ትላለች እንቁ፣ እንደ ደረሰች ምንጣፉ ላይ እየወደቀች። «የጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ይህም አልበቃው። ሰውየው ከወጥ ቤቷ መዝረፍ ጀመረ። ለጨርቁ ማሻ የሚሆን ጮማ ፈልጎ ያቀለጠችውን የበግ ስብ ከነቆርቆሮው ወሰደ። የቅመም ማንኪያዋ ባሩድ ባሩድ መሽተት ጀመረ። አዲስ የትራስ ልብስ ገመድ ላይ አስጥታ ብትመለስ መሐሉ በመቀስ ክብ ክብ ሆኖ ተቆርጧል። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ጥጥ ነው፣ አላት፤ እሷን እንደ ማመስገን።

ተቆጥታ ዝም ብትል ኖሮ ጥሩ ነበር። እሷ ግን ሌላ የትራስ ልብስ ሳይነካብኝ ብላ ያረጀ አንሶላ አጥባ፣ እንደ ለመደችው ስታርች ውስጥ ነክራ፣ ተኩሳ፣ ክብ ክብ አድርጋ ቆርጣ ሰጠችው። ዓርብ ከሰዓት ሙሴ ተኮሳትሮ ገባ። ጨርቁ እንደ ካርቶን ደርቆ አልታጠፍ ብሎ፣ እርሳሱ ሁሉ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ውሏል።

«ጨርቄን ምን አደረግሽው?»

«አሳመርኩት» አለች እንቁ። ስህተቷን ብታውቀውም ይቅርታ ለማለት አንጀቷ አልቻለም።

ነገሩ የከረረው ግን በሌላ ዓርብ ነው። እንቁ ጉንፋን ይዟት ባልባላ ሳትሄድ ቀርታ፣ ወጥ ቤት ሾርባ እያፈላች ነበር። ሙሴ ላቡ እየተንጠባጠበ ገባና ጠመንጃውን ሽንኩርት በምትከትፍበት ጠረጴዛ ላይ አጋደመው፤ አፈሙዙ ወደ ፍሪጁ ዞሮ።

«እርሳሱ ውስጥ ቀርቶብኝ ነው» አለ። «ባሩድ ሳላደርግ አጎረስኩት። አሞርሷ ጮኸች፣ ጠመንጃው ግን ዝም አለ። ሌሎቹ ቀድመውኝ ሄደዋል። ማውጫው ደግሞ እዚህ ቀርቷል፤ ጫፉ ላይ ብሎን ያለው። የት አደረግሽው?»

እንቁ ማማሰያውን ይዛ ቆመች። «የጎረሰ ጠመንጃ ነው ወጥ ቤቴ ያመጡት?»

«አልጎረሰም! ባሩድ የለውም አልኩሽ።»

«እንደሌለው በምን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ሙሴ፣ እርስዎ ጫማዎን የት እንዳወለቁ አያውቁም!»

እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ለራሷም ደንግጣ ጋዙን አጠፋች፣ ወጣች፣ ግቢው በር አጠገብ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ከውስጥ «እንቁ! እንቁ!» ይላል።  መጥቶ ሲያባብላትም፣ «ያ ነገር ከዚያ ቤት ካልወጣ እኔ አልገባም» አለች እንጂ ቀና ብላ አላየችውም።

ምርጫ ሲያጣ ጓደኛውን ሙሴ ሮላንን በስልክ ጠራው። ሮላን ከእነሱ ቤት ብዙ የማይርቅ፣ ጥቂት የሚናገርና ቀስ ብሎ የሚሠራ ሽማግሌ ነው። ብሎኑን ሁለቱ ወንዶች ቤቱን ሙሉ ቢፈልጉት፣ ከሙሴ ኤቲየን የራሱ የመላጫ ቦርሳ ውስጥ ወጣ። ሮላን ጠመንጃውን ወደ ግቢ አውጥቶ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ግንብ አዞረ። ሙሴ ኤቲየን «ባዶ ነው እኮ» ሲለው «ለማንኛውም» ብሎ በኋላዋ ቀዳዳ ውኃ አጠጣው፤ ቆየ፤ ከዚያ ብሎኑን በዘንግ አስገብቶ እርሳሱ ውስጥ አስነክሶ ጎተተ። እርሳሱ ከነጨርቁ ወጣ። ጠመንጃውን ሳህን ላይ ዘቀዘቀው። ጥቁር፣ እርጥብ ባሩድ ጭቃ ሆኖ ተንጠባጠበ።

ሦስቱም ሳህኑን አዩት።

«ባሩድ ነበረው፣ ኤቲየን» አለ ሮላን። «ቀዳዳዋ በጥላሸት ተደፍና ነው እንጂ።»

ሙሴ ኤቲየን ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።  ያን ጠመንጃ መኪና ውስጥ ከጎኑ አድርጎ፣ በከተማው መሐል አልፎ፣ ሴትዮዋ ሾርባ በምታፈላበት ክፍል አጋድሞታል። እንቁ ውኃ አምጥታ ሰጠችው። አዘነችለት፤ ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ብርጭቆውን ሲመልስላት እዚያው ቆማ ነገረችው።

«ወይ ሳጥን ይሠራ፣ ወይ እኔ ልሂድ።»

«የምን ሳጥን?»

«ያ ሁሉ ኮተትዎ እያንዳንዱ በየጎጆው የሚገባበት፣ በእጅ የሚንጠለጠል። ከሳጥኑ ውጭ የተገኘ ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው ብዬ እጥለዋለሁ። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ማንም አይጠራኝም።»

ሙሴ ሮላንን አየው። ሮላን ትከሻውን ሰበቀ። «ልክ ናት» አለ።

እንቁ የምታውቀው አናጢ አንድ ነው፤ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር የሚሠራው ጋሽ ጀንበሬ። ጎጃሜ ነው፤ ጅቡቲ አርጅቶ፣ ሶማልኛውንም አፋርኛውንም እንደ አገሬው ይናገራል። እጁ ወርቅ ነው ይባላል፤ ጫት ከተማ እስኪገባ ድረስ። ጫት የሚገባው ምሳ ሰዓት ግድም ነውና ከዚያ በኋላ ጋሽ ጀንበሬ ስለ እንጨት ያወራል እንጂ እንጨት አይነካም።

«ይቺማ ምን አላት፣ እንቁዬ» አላት ዕቃዎቹን በዘንቢል ስታሳየው። «ለሐሙስ ውሰጃት።»

ሐሙስ ሄደች። ማጠፊያ ጠፋ አላት። በሌላው ሐሙስ ሄደች። ኮላው አልያዘም አለ። በቀጣዩ ሄደች፤ እንጨቱ አልደረቀም አላት።

«ጋሽ ጀንበሬ! በጅቡቲ ፀሐይ ያልደረቀ እንጨት የት ሊደርቅ ነው?»

«ውስጡ ነው ያልደረቀው፣ ልጄ። የእንጨት ውስጥ እንደ ሰው ነው…»

«የሰውን ተወውና ሳጥኔን ስጠኝ!» ብላ ጮኸች። ታላቋን «አንተ» ማለቷ የገባት ሚኒባስ ውስጥ ነው። በሙሴ ኤቲየን የተጠራቀመው ንዴት ጋሽ ጀንበሬ ላይ ወጣ። ቅዳሜ ይቅርታ ልትጠይቀው ብትመጣ፣ ሰውየው አኩርፎ ሌሊቱን ሠርቶ ጨርሶት ኖሯል።

ሳጥኑ ያምራል። ክዳኑ ጎበጥ ያለ፣ እጀታው የናስ፣ ውስጡ በቀጫጭን ጣውላ የተከፋፈለ። እንቁ ቤት ወስዳ ዕቃዎቹን እንደ ወጥ ቤት መሳቢያ በየመጠናቸው ደረደረቻቸው፤ ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ ጋር። ሙሴ ከሥራ ሲመለስ ከፈተችለት። ክፍሎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካካ።

«ቆንጆ ነው» አለ። ከዚያ ራሱን አከከ። «ግን አይሆንም።»

እንቁ ዓይኗን ጨፈነች። «ለምን አይሆንም?»

ሙሴ ሄዶ የወለል መጥረጊያውን አመጣ። እንጨቱን እንደ ጠመንጃ አቁሞ፣ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ያሳያት ጀመር። ግራ እጁ አፈሙዙን ይዟል። ቀኝ እጁ መጀመሪያ ወደ ቀንዱ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ መስፈሪያው፣ ከዚያ ወደ ጨርቁ፣ ወደ እርሳሱ። በየደረሰበት እጁ አንዴ ጥግ፣ አንዴ መሐል፣ አንዴ ከዘይቱ ብልቃጥ ሥር እየተወሸቀ ተቸገረ። «እጄ እንዲህ መሄድ አለበት» አለ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር። «አንዱን ከዘለልኩ ባዶ ጎጆው ይናገራል። ደግሞ አሞርስና ባሩድ ጎን ለጎን አይቀመጡም። በፍጹም። አሞርስ መጨረሻ ነው፣ በክዳን ቆርቆሮ፣ ከሩቁ ጥግ።»

እንቁ አየችው። ይህ ሰው ለካ ሥራውን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። እጁ የሚያውቀውን ነው ቤት ውስጥ የሚበትነው። ይህን በማወቋ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን የባሰ ተናደደች። «ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቁ ነው እንግዲህ?» አለችው።

ሳጥኑ ተመልሶ ካርቲዬ ሁለት ሄደ። ጋሽ ጀንበሬ ክፍልፋዮቹን ሲነቅል፣ «ቤት እንኳ በዚህ ፍጥነት አያፈርሱም» ብሎ አጉረመረመ። አሞርሷ ለብቻዋ ለምን እንደምትቀመጥ ስትነግረው ግን በአንድ ጊዜ ገባው። «እሳትና ጭድማ አንድ ቤት አይገቡም» አለና በሩቁ ጥግ ወፍራም ግድግዳ ያላት ትንሽ ጎጆ ሠራላት።

እንደገና ተደረደረ፤ ቀንድ፣ መስፈሪያ፣ ጨርቅ፣ እርሳስ፤ ከሥር መጥረጊያው፣ ዘይቱ፣ ያ ብሎን፤ ከሩቁ ጥግ አሞርስ። ዘንጉ በክዳኑ ላይ በቆዳ ማሰሪያ ከውጭ ታሰረ። ዓርብ ጠዋት ሙሴ ሳጥኑን አንጠልጥሎ፣ ማንንም ሳይጣራ ወጣ። እንቁ ነጠላዋን እንደ ደረበች ግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። አልተመለሰም። ባልባላ የደረሰችው ነጃት ከእንቅልፏ ሳትነሳ ነው።

በቀጣዩ ዓርብ ግን ራሷን በነጃት ጉልበት መሐል አድርጋ ፀጉሯን እየተሠራች ሳለ ሞባይሏ ጮኸ።

«እንቁ፣ እርሳሶቹ የት አሉ?»

«ሳጥኑ የት ነው ያለው?»

«ከፊቴ ነው።»

«ተከፍቷል?»

«አልተከፈተም።»

ነጃት ማበጠሪያውን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። እንቁ አልሳቀችም። «ይክፈቱት» አለች፤ ስልኩን ዘጋች፤ ባትሪውን አወጣችና ምንጣፉ ሥር ከተተችው።

ለጥቂት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ አንድ ዓርብ ከባልባላ ስትመለስ፣ ኮሪደሩ ላይ እግሯ ጠንካራ ነገር መታ። ሳጥኑ ነው። ተዘግቶ፣ ተቆልፎ፣ ዘንጉ በማሰሪያው ታስሮ፣ እንዳደረ ቁጭ ብሏል። እንቁ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ድሮ አንድ አንድ ዕቃ ነበር የሚረሳው። አሁን ሁሉንም በአንዴ ረሳው።

ሙሴ ኤቲየን በረንዳው ላይ ነበር፤ ፊቱ በፀሐይ ቲማቲም መስሏል። ጠመንጃውን ብቻ ይዞ ሜዳው ድረስ ሄዶ፣ ሌሎቹ ሲተኩሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ውሏል። እንቁ የሚመጣውን ጥያቄ ጠበቀች።

«ዛሬ እኔ ነኝ የረሳሁት» አለ ሙሴ ኤቲየን።

እንቁ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝታዋለች፤ ሲመጣ ግን ምንም አላደረገላትም። ሰውየው ደክሞታል፣ እሷም ደክሟታል፣ ሳጥኑ ኮሪደር ላይ ነው።

«ከሐሙስ ማታ ጀምሮ መኪናው ውስጥ ይግባ» አለችው።

«ባሩድ በዚህ ሙቀት መኪና ውስጥ አይቀመጥም።»

«ባሩዱ ብቻ ቤት ይቅር እንግዲያ። ጠዋት ይዘውት ይወጣሉ።»

ጠዋት ይዞት አልወጣም። ቀንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀርቶ ሳጥኑ ብቻ ሜዳ ደረሰ፤ ባሩድ ከሮላን ተበደረ። በሌላውም ዓርብ እንዲሁ። ሮላን ሲመረው ለኤቲየን የሚሆን ባሩድ ራሱ ይዞ ይመጣ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ «ኤቲየን፣ የት አደረግኸው?» እያለ የሚጮኸው ሮላን ሆነ ይባላል። እንቁ ይህን ስትሰማ ሽማግሌው አሳዘናት፤ ግን ተራው ነው አለች።

ሙሴ ኤቲየን ሥራው አልቆ ጅቡቲን ሲለቅ ማዳም ኮሌት ዕቃ ልታሳስር መጣች። ለእንቁ ሌላ ቤት እንፈልግልሽ አለቻት፤ ጥሩ ሰዎች፣ ልጆች የሌሏቸው፣ ማደሪያ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ያለው።

«አላድርም» አለች እንቁ። «ጠዋት መጥቼ ሠርቼ ከሰዓት ቤቴ የምገባበት ካገኙልኝ ጥሩ ነው።»

ማዳም ኮሌት ማቀዝቀዣውን ደግማ ነገረቻት። «ማታ ማታ ማንም እንዲጣራብኝ አልፈልግም» አለች እንቁ።

ነጃት «አብደሻል» አለቻት። ውኃ በየቀኑ መሸከም ምን ማለት እንደሆነ ታይዋለሽ፣ ሚኒባስ በየጠዋቱ መጋፋት ታይዋለሽ አለቻት። አየችው። ወገቧን አመማት፤ በሙቀት ወራት ክፍሏ ውስጥ ሌሊቱን በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍና አደረች፤ ሚኒባሱን፣ ጀሪካኑን፣ ባልባላን ሁሉ ረገመች። ማደሪያ ሥራ ግን ተመልሳ አልገባችም።